አቅመ አዳም የማን አቅም ነው?

አማርኛችን አንድ ልጅ አደገ፣ ሰው ሆነ ለማለት ሁለት የታወቁ አባባሎች አሉት። አንደኛው የአገር ሽማግሌ አባባል ነው፤ «ለአቅመ አዳም ደረሰ»፣ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» ይላል። ሁለተኛው የሕግ ሰው አባባል ነው፤ «ለአካለ መጠን ደረሰ» ይላል። አስተያይተን ብናያቸው አንዱ «አቅም»፣ ሌላው «አካል» ብሎ ነው የሚጀምረው። ልጅን ከአዋቂ የሚለዩት በገላው ነው ማለት ነው። ታዲያ ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ ወይም እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የት ደረሰ ሊባል ነው?

ይቺን ጥያቄ ይዘን ወደ ሰሜን ወሎ እንሂድ። ወልድያ የዞኑ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከወልድያ ወደ ደሴ አቅጣጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ስንል መርሳን እናገኛለን፤ ማንጎዋንና ብርቱካኗን መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ በድሮ ስሙ የጁ ነው። ይህን አካባቢ የመረጥንበት ምክንያት አለን። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ወደ አዋቂነት የሚሻገርባቸው በሮች ሁሉ ማለትም እርፉ፣ የቆሎ ትምህርት ቤቱ፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት፣ የዓረብ አገሩ መንገድ፣ እንዲሁም ጦር ሜዳው በዚች አጭር መንገድ ላይ ተደርድረው ይታያሉ።

ልንል የፈለግነውን ከወዲሁ እንናገር። በልጅነት ሜዳ ላይ በአካል ጉዳተኛውና በእኩዮቹ መካከል ያለው ርቀት ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ሁሉም የእናቱን እጅ ያያል፤ ሁሉም ይታዘንለታል። ርቀቱ የሚሰፋው እኩዮቹ አንድ በአንድ በሩን አልፈው ሲገቡ፣ እሱ ግን ደጃፉ ላይ ሲቀር ነው። አገራችን ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ምጽዋት አላጣችም። ያጣችው ለአካል ጉዳተኛ አዋቂ የሚሆን በር ነው።

እርፍ የጨበጠ ሁሉ ሰው ነው

በገበሬ አገር ሰው መሆን ማለት እርፍ መጨበጥ ነው። ጎረምሳው በሬ ጠምዶ ማረስ ሲጀምር ድምፁ በሸንጎ ይሰማል፣ ሚስት ይፈለግለታል፣ ለዕድር ይጻፋል። ማረስ ያልቻለ ሰው መሬት ቢኖረው እንኳ ለሌላ ሰው «የእኩል» ይሰጠዋል። ምርቱ ለሁለት ይከፈላል። በሬውና ጉልበቱ የሌላ ስለሆነ ባለመሬቱ በገዛ ማሳው ጠባቂ ይሆናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ለወሎ ገባር ትልቅ ነፃነት ነበር። ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ሲጮህለት የኖረውን መፈክር ደግመን እንስማው፤ «መሬት ላራሹ»። አራሹ ማን ነው? አዋጁ መሬት የሚሰጠው በገዛ እጁ ለሚያርስ ነበር፤ ጣሪያውም 10 ሄክታር ነበር። ቅጥር ጉልበት ተከለከለ። ከክልከላው የወጡት መተዳደሪያ የሌላቸው ሴቶች፣ ሕመምተኞች፣ አዛውንትና አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ነበሩ። አስቡት፤ አንድ የ20 ዓመት ዓይነ ስውር ወጣት በዚያ ሕግ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ወይ ከታማሚው ወይ ከሽማግሌው ጎን ተሰልፎ ነው። በወጣትነቱ የሚገባበት መስመር አልተጻፈለትም።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ ለአዋቂነት የደረሰው ትውልድ፣ ጤነኛውም ጭምር፣ መሬት የሚያገኘው ባብዛኛው ከወላጁ እየቆረሰ ነው። አባት ያለችውን አንዲት ጥማድ ለስንት ይክፈላት? ለሚያርሳትና በእርጅናው ለሚጦረው ልጅ ቢያደላ የሚፈርድበት የለም። ክፋት አይደለም፤ ስሌት ነው። ግን በዚያ ስሌት ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀነሰው ልጅ ይታወቃል።

በአፍ የሚሰጥ ዕውቀት

ታሪካችን ግን የተዘጋ በር ብቻ አይደለም። ሰሜን ወሎ ውስጥ ዋድላ የሚባል አገር አለ፤ በቅኔ ትምህርት ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ። በየጁ ደግሞ ዳና አለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደረሶች ከሩቅ እየመጡ የሚቀሩበት የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበር። ሁለቱ በሃይማኖት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ዕውቀት የሚተላለፈው በአብዛኛው በቃል ነው። ቅኔ በልብ ይቆጠራል፣ በአፍ ይነገራል። ቁርኣን በልብ ይያዛል። ስለዚህ ዓይን የሌለው ልጅ ከባለ ዓይኑ እኩል መቀመጥ ብቻ ሳይሆን ሊበልጠውም ይችል ነበር። በአገራችን ዓይነ ስውር የኔታዎች በብዛት የተገኙት ለዚህ ነው። በተማሪ እጅ እየተመሩ የሚሄዱት የኔታ ሲገቡ ባለ ዓይኑ ሁሉ ብድግ ይላል።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቦ እህል ሲለምን ውሎ ያድራል። የሀብታም ልጅም ይለምናል፤ ዓይነ ስውሩም ይለምናል። ልመና የትምህርቱ ክፍል ስለነበር አካል ጉዳተኛውን ለይቶ የሚያሳፍር አልነበረም። «የኔ ብጤ» የሚለው ቃል ትርጉሙ እዚያ ቤት እውነት ነበር።

ይህን የምንለው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም። በሩ ጠባብ ነበር። መስማት የተሳነው ልጅ በቃል የሚሰጠውን ትምህርት ከነጭራሹ አያገኘውም፤ ስሙም ስድብ ሆኖ ቀረ። ዓይነ ስውር ሴት ልጅ በዚያ በር እንድታልፍ የሚጠብቅ ሰው እምብዛም አልነበረም። ትምህርቱ ግን ይቀረናል፤ የዕውቀቱ አሰጣጥ ሲለወጥ ጉዳቱ ያው ሆኖ ሳለ «የማይችል» የተባለው ሰው «የሚችል» ሆነ።

ግብፅን ስናይ ይኸው ታሪክ ወደ ፊት ተራምዶ እናገኘዋለን። ጣሃ ሁሴን (1889–1973 እ.ኤ.አ.) በሕፃንነቱ ዓይኑን ያጣ የገጠር ልጅ ነበር። በሰፈሩ ቁርኣን ቤት ቁርኣንን በልቡ ያዘ፣ አል አዝሃር ገባ፣ ከዚያም ከፓሪስ ሶርቦን ዶክትሬቱን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1950 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ከቃል ትምህርት ቤት ወደ ዘመናዊው የሚያሻግር ድልድይ ሲኖር ሰው እስከዚያ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ድልድዩ ቀጭን ነበር። በንጉሡ ዘመን የተከፈተው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብዙ ሰው አውጥቷል፤ ለመርሳ ገበሬ ግን ሰበታ ሌላ አገር ነው።

ማዝና ረሃብ

ጉዳቱ ራሱስ ከየት ይመጣል? «የፈጣሪ ሥራ ነው» የሚለው መልስ ለማጽናናት ይበጃል፤ ለታሪክ ግን አይበቃም። ወሎ በ1965 እና 66 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ተመትታለች። ረሃብ የሚገድለውን ገድሎ የሚተርፈውንም እንዳለ አይተወውም። ቫይታሚን ኤ ያጣ ሕፃን ኩፍኝ ሲጨመርበት ዓይኑ ይጠፋል፤ በቂ ምግብ ያላገኘ ሕፃንም አካሉም አእምሮውም ይጎዳል።

ሌላው የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት 40 በመቶው ያህል ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ቁጥሩ 62.6 በመቶ ነበር፤ ከአገሪቱ ከፍተኛው። ትራኮማ የሚዛመተው ፊት መታጠቢያ ውሃ በጠፋበት፣ ዝንብ በበዛበት፣ መጸዳጃ በሌለበት ነው። ደጋግሞ ሲይዝ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ከወንድ ይልቅ ሴትን ያጠቃል፤ ሕፃናቱን ይዛ የምትውለው እሷ ናትና። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በክልሉ መድኃኒት በጅምላ ሲታደል፣ ሽፋሽፍት ሲቀና ቆይቷል፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም።

ስለዚህ አካል ጉዳት ቤት እየመረጠ ይገባል። ውሃ የራቀበት፣ ክትባት ያልደረሰበት፣ ጎተራው የጎደለበት ቤት ይቀድማል። በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ የማይቆጠር ተጎጂ አለ፤ አያቱን በበትር የሚመራው ልጅ። ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ትምህርት ቤት ግን አይሄድም። የአንዱ ጉዳት ለሁለት ሰው የወደፊት ዕድል ይተርፋል።

ሕጉ ከየት ወዴት ሄደ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአካለ መጠን መድረሻውን 18 ዓመት አደረገው። በዚያው ሕግ ቁጥር 340 ላይ ግን መስማትና መናገር የማይችሉ ሰዎች፣ ዓይነ ስውሮችና ሌሎች በዘላቂ ደዌ ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉ ሰዎች ከፈለጉ ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን ጥበቃ መጠየቅ እንደሚችሉ ተጽፏል። ቁጥር 1728 ደግሞ የዓይነ ስውርና የማያነብ ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። የሕጉ ሐሳብ እንዳይታለሉ መጠበቅ ነበር። ውጤቱን እንይ። በሕግ ዲግሪ ያለው ዓይነ ስውር ወጣት ፊደል ካልቆጠረ ሰው ጋር በአንድ መስመር ተጻፈ። ባንክ ሄዶ የራሱን ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ «ምስክር አምጣ» ሲባል የኖረው ከዚህ ሥር ነው። ለመጠበቅ የተሠራ አጥር መውጫውንም ይዘጋል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት በንጉሡ ትዕዛዝ ተመሠረተ። ትዕዛዙ አካል ጉዳተኛ የሚለው በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ምክንያት ኑሮውን ማግኘት የማይችልና ጧሪ የሌለውን ሰው ነበር። «የማይችል» የሚለው ቃል የትርጉሙ እምብርት ነበር ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን ከአረጋውያንና ካለ ወላጅ ከቀሩ ሕፃናት ጋር አስተካክሎ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንደሚረዳቸው ይናገራል። አሁንም ወጣቱ የለም።

ለውጡ ቀስ ብሎ መጣ። አዋጅ 101/1986 ስለ አካል ጉዳተኞች ሥራ ወጣ። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ 568 ተተካ፤ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲያገኝ፣ ቀጣሪውም የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች አዘዘ። አድልዎ ተፈጸመብኝ ሲባል የማስረዳቱን ሸክም ወደ ቀጣሪው አዞረ። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖረው አስገደደ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። በወረቀት ላይ ከምጽዋት ወደ መብት ተሻግረናል።

በቆጠራ ላይ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ 2 በመቶ ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው ነበሩ። በ1999ኙ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወረዱ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ ግን ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶው ያህል ከአካል ጉዳት ጋር ይኖራል። በዚያ ሁሉ ማዝ፣ ረሃብና ጦርነት መካከል እኛ አንድ በመቶ ብቻ የሆንበት ተአምር ምንድነው? ተአምር የለም። ቆጣሪው በሩ ላይ ቆሞ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል ወላጅ ጓዳውን አይቶ «የለም» ይላል። ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ 18 ዓመት መሙላቱን የሚያውቅለት መዝገብ የለም።

የወሎዋ ልጅ

ከዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ሴት አምልጣለች። የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ አማራ ሳይንት ተወለደች። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። በዚያ አገር የሴት ልጅ የአዋቂነት በር ጋብቻ ነበር፤ ያውም በልጅነት። ዓይኗን ስታጣ ያ በር ተዘጋባት። እናቷና አያቷ ወደ ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላኳት። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፣ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘች። ዓይነ ስውርነቷ ካለ ዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ በአደባባይ ተናግራለች።

ታሪኳ ደስ ይላል፤ ግን አንሳሳት። ከአማራ ሳይንት እስከ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ አስቡት። አንዲት ልጅ ለመማር ከቤቷ በመቶዎች ኪሎ ሜትር መራቅ ካለባት፣ ያልራቁት ስንት ናቸው? እሷም ብትሆን ያመለጠችው አገሯ ካዘጋጀችላት በር ውጭ ስለወደቀች ነው። የአንድ ጎበዝ ሰው ማምለጥ በሩ ተከፍቷል ማለት አይደለም።

ዲግሪ፣ ዋስ፣ ጅዳ

ዛሬስ? ወልድያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። ለአካል ጉዳተኞች የተለየ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሲሠራበት መቆየቱ መልካም ነው። ነገር ግን ዓይነ ስውሩ ተማሪ ከሒሳብና ከተፈጥሮ ሳይንስ ቀደም ብሎ ተገፍቶ ይወጣል፤ የሚቀረው ሕግ፣ ቋንቋና ታሪክ ነው። ሁሉም በአንድ ጠባብ መንገድ ይጋፋል፤ ሲመረቅም ሁሉም የሚጠብቀው ተመሳሳይ ክፍት የሥራ ቦታ ነው።

ሌላው በር ብድር ነው። ተደራጅታችሁ ውሰዱ ይባላል። የቡድን ዋስትና ማለት አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ሌሎቹ ይከፍሉለታል ማለት ነው። ስለዚህ ቡድኑን የሚመርጡት ጓደኛሞቹ ናቸው። ከሰፈር ልጅ ጋር ኳስ ያልተጫወተ፣ ትምህርት ቤት አብሮ ያልዋለ፣ «ይሠራል ወይ?» ተብሎ የሚጠረጠር ወጣት በማን ቡድን ይገባል? ሕጉ አልከለከለውም፤ መሥሪያ ቤቱም አልከለከለውም፤ የከለከሉት እኩዮቹ ናቸው። እኛ ማለት ነው።

ሀብሩን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ትልቁ በር ደግሞ ዓረብ አገር ነው። መሬት ያጣው ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ይሻገራል። እህቱም ጅዳ ወይም ሪያድ ሄዳ የሰው ቤት ትሠራለች። በመንደሩ የቆርቆሮ ቤት የሚሠራው፣ ወንድሙን የሚያስተምረው፣ «ሰው ሆነ» የሚባለው የሄደው ነው። በሕጋዊው መንገድ የሚሄድ የጤና ምርመራ ማለፍ አለበት። በሕገ ወጡ የሚሄድ በረሃውን በእግሩ ማለፍ አለበት። ሁለቱም በሮች ጤነኛ ገላ ይጠይቃሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ አካላቸው ወይም አእምሯቸው ተጎድቶ የገቡ ነበሩባቸው። ጤነኛ ብቻ የሚቀበለው መንገድ አንዳንዱን አካል ጉዳተኛ አድርጎ መለሰው። የተመለሰውም ያኔ የሚያገኘው በር ቀድሞ ለጎረቤቱ ዓይነ ስውር የተዘጋውን በር ነው።

ጦርነቱም እንዲሁ ነው። የሕወሓት ኃይሎች ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያን ይዘው እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆይተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተቀስቅሷል። በጦርነት እግሩን ያጣ ወጣት ሰው ሠራሽ እግር ፍለጋ ደሴ ወዳለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል መሄድ አለበት፤ ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ተስፋውም አብሮ ይዘጋል።

የትኛውን ነው የምናስተካክለው?

ከእርፉ እስከ ጅዳ ያየነው አንድ ነገር ነው። በሩ በተለወጠ ቁጥር «የሚችል» እና «የማይችል» ሰውም ይለወጣል። ዋድላ ላይ ሊቅ የሆነው ዓይነ ስውር ማሳ ላይ ጥገኛ፣ ባንክ ቤት ምስክር ፈላጊ ይሆናል። ሰውየው ግን አንድ ነው። ስለዚህ የሚስተካከለው ሰውየው ሳይሆን በሩ ነው።

በሩን ማስተካከል ደግሞ የሰማይ ያህል ሩቅ አይደለም። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀባት ወልድያ፣ ዳገትና ቁልቁለት ቢበዛባትም፣ በቀበሌና በፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ የሲሚንቶ መወጣጫ ማስቀመጥ አያቅታትም። የወረዳ ፍርድ ቤት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሲያጣ መስማት የተሳናት ልጅ የርስት ክርክሯን ሳትናገር ትረታለች፤ ይህ የበጀት መስመር ጉዳይ ነው። የመንደር መዝገብ ላይ 18 ዓመት የሞላቸውን አካል ጉዳተኞች ስም ለይቶ መያዝ ወረቀትና እስክርቢቶ ብቻ ይፈልጋል። ለብድር ስንደራጅ ደግሞ ስድስተኛውን ወይም ሰባተኛውን ሰው የምንመርጠው እኛ ነን።

ምጽዋት ለመስጠት እጃችን አጥሮ አያውቅም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ሳንቲም ስንጥል የኖርን ሕዝብ ነን። ሳንቲሙን የምንጥልላቸው ብዙዎቹ ግን እኩዮቻችን ናቸው፤ አብረውን የተወለዱ፣ አብረውን 18 ዓመት የሞላቸው። እኛ ገብተናል፤ እነሱ ደጃፉ ላይ ናቸው። አቅመ አዳም የሚባለው የጉልበት ልክ ሳይሆን አገር ለልጇ የምትከፍተው በር ነው ብለን እስክንስማማ ድረስ «ደረስን» ማለታችን ለግማሻችን ብቻ ይሆናል።